ነጥቡ ለምን ዜሮ ሆኖ ቀረ?

«ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እጄን ለማፍታታት ብዬ ትንሽ የጥያቄና መልስ ጨዋታ እየጻፍኩ ነው። ከፋይሉ አናት ላይ ነጥብ የሚባል ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚይዝ ስም) አስቀምጬ ዜሮ ሰጠሁት። ቀጥሎ ጨምር የሚባል ፈንክሽን (በስሙ ሲጠራ የሚሠራ የትእዛዞች ጥቅል) ጻፍኩና በውስጡ ነጥብን 10 አደረግኩት። ፈንክሽኑ ውስጥ ሆኜ ፕሪንት ሳደርገው (ስክሪን ላይ ሳሳየው) 10 ይላል፤ ከፈንክሽኑ ወጥቼ ሳደርገው ዜሮ ነው። ‹ነጥብ = ነጥብ + ስንት› (ስንት የሚጨመረው ቁጥር ነው) ብዬ ባስተካክለው ደግሞ ፕሮግራሙ ጭራሽ ቆመ። የገረመኝ፣ የተጫዋቹን መልሶች የያዘውን ሊስት ያው ፈንክሽን ያለ ምንም ችግር ይጨምርበታል። ጓደኛዬ ‹ግሎባል ብለሽ ጻፊበት› አለኝ። ጻፍኩበት፤ ነጥቡ ሠራ። ነገር ግን ሁለተኛ ዙር ስጫወት ከዜሮ መጀመሩን ትቶ ካለፈው ዙር ይቀጥላል። የስህተት ቆጣሪዬ ደግሞ ግሎባል ብዬበትም ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። እሱ ሁለት መስመር ነው፤ ‹ግሎባል ስህተት›፣ ከሥሩ ደግሞ ‹ስሕተት = ስህተት + 1›። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩ ይሆን?

ዜሮ የሆነባት»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ቁጥሩ እምቢ ሲል ሊስቱ እሺ ማለቱን አስተውለሽ ለምን ብለሻል። ብዙ ጀማሪ የሠራለትን ይዞ ያልሠራለትን በጎን አልፎት ይሄዳል፤ አንቺ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመሽ መረመርሻቸው። ስለ መፈጠርና አለመፈጠር ይህን ያህል ይበቃናል፤ ወደ ነጥብሽ እንመለስ።

አስቀድሜ ግን ስሞችሽን በግዕዝ ፊደል መጻፍሽ ደስ እንዳለኝ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ፓይተን 3 ጀምሮ ይህ የተፈቀደ ነው። ፈንክሽን እንደሚከፍተው ዴፍ፣ ዋጋ እንደሚመልሰው ሪተርንና እንደ ግሎባል ያሉት የቋንቋው ቁልፍ ቃላት ግን በላቲን ፊደል መጻፋቸው ግድ ነው፤ እኔ እዚህ በግዕዝ የማሰፍራቸው ለንባብ እንዲመቹ ነው። ፊደሉ የሚያመጣው አንድ መዘዝም አለ። እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ነጥብሽን ያስቸገረው «ስሙ አንድ ከሆነ ነገሩም አንድ ነው» የሚለው ግምት ነው። በሰው ዘንድ እንዲህ አንገምትም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሄለኖች ቢኖሩ ሞክሼዎች ናቸው እንላለን እንጂ ለአንደኛዋ የተሰጠው ደብተር በሌላዋ ቦርሳ ይገኛል ብለን አንፈልግም። ከፈንክሽኑ ውጭ ያለው ነጥብና በፈንክሽኑ ውስጥ ያለው ነጥብም እንዲሁ ሞክሼዎች ናቸው። የውጭው ግሎባል ይባላል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ ተፈጥሮ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ይቆያል። የውስጡ ሎካል ነው፤ ጨምር ተጠርቶ ያ መስመር ሲደርስ ዋጋ ያገኛል፣ ጨምር ሥራውን ሲጨርስ ይጠፋል። አንቺ 10 ያልሽው ሎካሉን ነው። ዜሮ ሆኖ የጠበቀሽ ግሎባሉ ነው፤ እሱን ማንም አልነካውም። አንድ ስም ከየት እስከ የት እንደሚታወቅ የሚወስነውን ድንበር ወሰን እንለዋለን፤ ደብዳቤሽ በሙሉ የወሰን ጉዳይ ነው።

ሎካሉ ይጠፋል ስል የምሬን ነው። ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር ፓይተን ለዚያች ጥሪ ብቻ የምታገለግል አዲስ የስም መዝገብ ይከፍታል። ፓራሜትሮቹም (ሲጠራ የሚቀበላቸውን ዋጋዎች የሚይዙት ስሞች)፣ በውስጡ ዋጋ የምትሰጪያቸው ስሞችም እዚያ ይሰፍራሉ፤ ጥሪው ሲያበቃ መዝገቡ ይቀደዳል። ጨምርን ሦስት ጊዜ ብትጠሪው ሦስት መዝገብ ተከፍቶ ሦስቱም ተቀድዷል፤ ሦስተኛው ጥሪ ከሁለተኛው የሚያስታውሰው አንዳች ነገር የለም። ይህ መርሳት አሁን አናድዶሻል። ትንሽ ቆይቶ ግን ትወጂዋለሽ።

አሁን ፕሮግራሙን ወዳቆመው መስመር እንሂድ። «ነጥብ = ነጥብ + ስንት» ስትዪ ያሰብሽው «ሎካሉ ገና ስላልተፈጠረ በቀኝ በኩል ያለውን ነጥብ ከውጭ ያመጣዋል፣ ከዚያ ይደምራል» ብለሽ ይመስለኛል። ምክንያታዊ ግምት ነው፤ ፓይተን ግን እንዲህ አይሠራም። ፈንክሽኑን ከማስኬዱ በፊት መላ አካሉን አይቶ ይጨርሳል። ሲያይም አንድ ነገር ይለቅማል፤ በየትኛውም መስመር ላይ ቢሆን ከእኩል ምልክት በስተግራ የቆመ ስም ካገኘ፣ ያ ስም በመላው ፈንክሽን ውስጥ ሎካል ነው ብሎ ይወስናል። ከዚያ መስመር በኋላ ብቻ ሎካል የሚሆን ስም የለም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲሄድ በቀኝ በኩል ያለው ነጥብም ሎካሉ ነው፤ ሎካሉ ደግሞ ገና ዋጋ አልተሰጠውም። ባዶ ነገር ላይ ደምር ተብሎ ታዘዘና ቆመ። የስህተቱን ስም አንብበሽ ከሆነ «አንባውንድ ሎካል ኤረር» ይላል፤ ዋናው ቃል መካከለኛው ነው። ስሙን አላውቀውም አላለሽም። ሎካል መሆኑን አውቃለሁ፣ ዋጋ ግን የለውም ነው ያለሽ።

ይህን በዐይንሽ ማየት ከፈለግሽ አንድ ሙከራ አለ። ነጥብን ፕሪንት ከማድረግ በቀር ምንም የማይሠራ ፈንክሽን ጻፊ፤ የውጭውን ዋጋ ያለ ችግር ያሳይሻል። ከዚያ ከፕሪንቱ በታች «ነጥብ = 5» የሚል መስመር ጨምሪና እንደገና አስኪጂው። አሁን የሚሰበረው አዲሱ መስመር አይደለም፤ እስካሁን ሲሠራ የነበረው ፕሪንት ነው። ታች የተጻፈ መስመር ላይ ያለውን ሰበረ ማለት ነው። እኔ ወሰን የሚባለው ነገር በእርግጥ የገባኝ ይህን ያየሁ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ትርጉም መሸምደድ ነበር። ደምሮ መስጠት የሚባለው፣ የመደመር ምልክትና የእኩል ምልክት ተጣብቀው የሚጻፉበት አጭሩ ዘዴም ያው ዋጋ መስጠት ስለሆነ ከዚህ ሕግ አያመልጥም።

ዋጋ ያልተሰጠው፣ ዝም ብሎ የሚነበብ ስም ሲያጋጥመውስ? ያን ጊዜ ፓይተን ከውስጥ ወደ ውጭ ይፈልጋል። መጀመሪያ በራሱ በፈንክሽኑ፣ ፈንክሽኑ በሌላ ፈንክሽን ውስጥ የተጻፈ ከሆነ በዚያ በአቃፊው፣ ቀጥሎ በግሎባሉ፣ በመጨረሻ ከቋንቋው ጋር አብረው በሚመጡት እንደ ፕሪንትና ማክስ ባሉት ስሞች መካከል ያያል። የመጀመሪያውን ሞክሼ ባገኘበት ይቆማል። አንዳንድ ጀማሪ ተለዋዋጩን በላቲን ፊደል ሊስት ብሎ ይሰይምና ከሃያ መስመር በኋላ እውነተኛው ሊስት አልጠራ ይለዋል፤ የራሱ ስም ከፊት ቆሞ ጋርዶበታል። አንቺ በግዕዝ ስለምትጽፊ ከዚህኛው ድነሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳያምታታሽ። ፈንክሽን ያጣውን ስም ፍለጋ ሲወጣ የሚሄደው ወደ ተጻፈበት ቦታ ነው፤ ወደ ጠራው ፈንክሽን አይሄድም። ዙር የሚባል ፈንክሽን በውስጡ ነጥብ ቢኖረውና ጨምርን ቢጠራው፣ ጨምር የዙርን ነጥብ አያየውም። ጠሪውን የሚጠይቁ ቋንቋዎች ነበሩ፤ የጥንቱ ሊስፕ እንዲያ ነበር። ችግሩ አንድ ፈንክሽን ማን እንደጠራው እየታየ ትርጉሙ መለዋወጡ ነው፤ ኮዱን አንብበሽ ምን እንደሚያደርግ መናገር አትችይም። ዛሬ የምትማሪያቸው ቋንቋዎች አብዛኞቹ የተጻፈበትን ቦታ ነው የሚያዩት።

ወደ ሊስቱ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ የወደድኩት ጥያቄ እሱ ነው። በፈንክሽኑ ውስጥ ለመልሶች «አፔንድ» ብለሽ ስትጨምሪ፣ መልሶች የሚለው ስም ከእኩል ምልክት በስተግራ አልቆመም። ስሙ የተነበበ ብቻ ነው። ፓይተን ከውስጥ ፈልጎ አጣው፣ ወደ ውጭ ወጣ፣ ግሎባሉን ሊስት አገኘውና በዚያው ላይ ጨመረበት። ስሙ ዛሬም የሚያመለክተው ያንኑ ሊስት ነው፤ የተለወጠው የሊስቱ ይዘት ነው። ነጥብን ግን በይዘቱ መለወጥ አትችይም። ቁጥር አይለወጥም፤ 0 ተለውጦ 10 አይሆንም። የምትችዪው ስሙን ከ0 አንሥቶ 10 ላይ መለጠፍ ብቻ ነው፤ ስም መለጠፍ ደግሞ በሎካል መዝገብ የሚጻፍ ሥራ ነው። ሊስቱ የታዘዘልሽ ሊስት ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዚያው ፈንክሽን ውስጥ «መልሶች = [ ]» ብትዪ ከነጥብ የተለየ ዕድል አይገጥመውም፤ አዲስ ባዶ ሞክሼ ይፈጠራል፣ የውጭው ሊስት እንዳለ ይቀመጣል።

እንግዲህ ሞክሼ ማለት አንድ ስም ለሁለት ነገር ነው። የዚህ ግልባጭም አለ፤ አንድ ሰው የመዝገብ ስምም የቤት ስምም ሲኖረው፣ ሁለት ስም ለአንድ ነገር። ሊስቱን ለፈንክሽን በፓራሜትር ስታቀብዪው የሚሆነው ይህ ነው። ፈንክሽኑ ፓራሜትሩን ዝርዝር ብሎ ቢጠራው፣ ዝርዝር ሎካል ስም ነው፤ ስሙ ከጥሪው ጋር ይጠፋል። ሊስቱ ግን ያው የአንቺ ሊስት ነው። በቤት ስሙ ጠርተው የሰጡትን በመዝገብ ስሙ ስትፈልጊውም ታገኚዋለሽ። «ፓራሜትር ሎካል ስለሆነ የውጭውን አይነካም» ብሎ የሚያስተምር ሰው ካጋጠመሽ ግማሹን ብቻ ነግሮሻል፤ ስሙ አይነካም፣ ይዘቱ ግን ይነካል።

አንድ ወጥመድ እግረ መንገዴን ላሳይሽ። ፈንክሽን ስትጽፊ ለፓራሜትር መነሻ ዋጋ መስጠት ይቻላል፤ አንዳንዱ «ዴፍ መዝግብ(መልስ, መልሶች=[ ])» ብሎ ይጽፋል። በእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ ባዶ ሊስት የሚሰጠው ይመስለዋል። ያ ሊስት ግን የሚፈጠረው ፕሮግራሙ ሲሄድ የዴፉ መስመር በተፈጸመበት ጊዜ አንዴ ብቻ ነው፤ ስሙ በየጥሪው እየጠፋ እንደገና ሲፈጠር ሊስቱ ያው አሮጌው ሆኖ ይቆያል። የመጀመሪያው ተጫዋች መልስ በሁለተኛው ላይ ተጨምሮ ይገኛል። መነሻውን «ነን» (በፓይተን ‹ምንም የለም› ማለት የሆነው ዋጋ) አድርጊና ባዶውን ሊስት በፈንክሽኑ ውስጥ ፍጠሪ።

ጓደኛሽ የነገረሽ ነገር ውሸት አይደለም። «ግሎባል ነጥብ» ማለት «በዚህ ፈንክሽን ውስጥ ነጥብ ስል አዲስ ሞክሼ አትፍጠርልኝ፣ የውጭውን ማለቴ ነው» ማለት ነው። ሠርቶልሻል። እኔ ግን በአንቺ ቦታ ብሆን አውጥቼ እጥለው ነበር፤ ምክንያቱም ራስሽ የጻፍሽው ሁለተኛው ዙር ነው። «ነጥብ = 0» የሚለው መስመር ከፈንክሽኖች ሁሉ ውጭ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሲነሣ አንዴ ይፈጸማል። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ወደዚያ መስመር የሚመለስ የለም፤ ያለፈው ዙር ነጥብ እንዳለ ይጠብቃል። ዙሩ ሲጀመር ዜሮ የሚያደርግ ሌላ ግሎባል ልትጽፊ ትችያለሽ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ቀን ነጥቡ ሰባት ብሎ ቢያስደነግጥሽ ግሎባል የጻፍሽባቸው ፈንክሽኖች ሁሉ ተጠርጣሪ ናቸው።

መንገዱ ይህ ነው። ፈንክሽን በር አለው፤ በፓራሜትር ይገባል፣ በሪተርን ይወጣል። ጨምርን «ዴፍ ጨምር(ያለው, ስንት)» አድርጊውና በውስጡ «ሪተርን ያለው + ስንት» የሚል አንድ መስመር ብቻ አስቀምጪ። የጨዋታውን አንድ ዙር ደግሞ ዙር በሚባል ፈንክሽን ውስጥ ክተቺው። የዙር የመጀመሪያ መስመር «ነጥብ = 0» ይሁን፣ ተጫዋቹ በመለሰ ቁጥር «ነጥብ = ጨምር(ነጥብ, 10)» ይባል፣ የመጨረሻው መስመር «ሪተርን ነጥብ» ይሁን። አሁን ነጥብ የዙር ሎካል ነው። ዙሩ ሲያልቅ ይጠፋል፣ አዲስ ዙር ሲጠራ ከዜሮ ይጀምራል። ያ ያናደደሽ መርሳት ሁለተኛውን ችግርሽን ፈታልሽ።

ይህን በጻፍሽ በመጀመሪያው ሰዓት ከሁለት ስህተቶች አንዱን እንደምትሠሪ ስለማውቅ አስቀድሜ ልናገር። አንደኛው «ጨምር(ነጥብ, 10)» ብሎ ጠርቶ ማለፍ ነው። ፈንክሽኑ 10 ብሎ አቀበለሽ፣ አንቺ ግን እጅሽን አልዘረጋሽም፤ የተመለሰው ዋጋ በስተግራ የሚቀበለው ስም ከሌለ ይባክናል፣ ነጥብም ዜሮ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ሪተርንን ረስቶ በምትኩ ፕሪንት መጻፍ ነው። ስክሪኑ ላይ ትክክለኛው ቁጥር ስለሚታይሽ የሠራ ይመስልሻል። ሪተርን ያልጻፉበት ፈንክሽን ግን የሚመልሰው «ነን» ነው፤ ነጥብሽ ነን ይሆናል፣ በሁለተኛው መልስ ላይ ነን ሲደመር 10 ሲባል ፕሮግራሙ በ«ታይፕ ኤረር» ይቆማል። ፕሪንት ለሰው ዐይን ነው፣ ሪተርን ለጠራው ኮድ።

ግሎባል ሁሉ ይቅር አላልኩም። የማይለወጥ ነገር፣ ለምሳሌ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ነጥብ፣ ከላይ ተጽፎ ሁሉም ቢያነብበው ማንንም አይጎዳም። የምጠላው ከየፈንክሽኑ የሚጻፍበትን ነው። በፈንክሽን ውስጥ ሌላ ፈንክሽን ጽፈሽ የአቃፊውን ተለዋዋጭ ከውስጠኛው መለወጥ ስትፈልጊ ደግሞ «ኖንሎካል» የሚባል ቃል አለ፤ እስክትፈልጊው ድረስ ተዪው።

ቀጥሎ ሌላ ቋንቋ ከጀመርሽ እነዚህን ሕጎች እንዳሉ ይዘሽ አትሂጂ። በፓይተን ቅድመ ሁኔታ የሚያየው ኢፍና ድግግሞሽ የሚሠራው ፎር ወሰን አይሠሩም፤ በፎር ዙሪት ውስጥ የተፈጠረ ስም ዙሪቱ ካለቀ በኋላም አለ። ሲ እና ጃቫ በሚባሉት ቋንቋዎች ግን በቅንፉ ውስጥ የተፈጠረው በቅንፉ ይዘጋል። በፒኤችፒ ደግሞ ፈንክሽን የውጭውን ተለዋዋጭ ለማንበብ እንኳ ግሎባል ማለት አለበት። ጃቫስክሪፕት የፓይተን ግልባጭ ነው ማለት ይቻላል፤ በፈንክሽን ውስጥ ስሙን ሳታውጂ «ነጥብ = 10» ብትዪ የውጭውን ይለውጠዋል፣ ውጭም ከሌለ አዲስ ግሎባል ይፈጥራል፤ ጥብቅ በሚባለው አሠራር ሲሆን ግን ስህተት ነው ይልሻል። ስለዚህ እዚያ «ሌት» ወይም «ኮንስት» ብለሽ ማወጅን ልማድ አድርጊ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው እትም የገቡ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው «ቫር» የተጻፈ ትምህርት ካገኘሽ ቅንፍ የማያውቅ፣ ፈንክሽንን ብቻ የሚያውቅ ወሰን ነው።

የስህተት ቆጣሪሽ ቀረ። ሁለቱን መስመሮችሽን ሦስት ጊዜ አንብቤ ምንም ስላላገኘሁባቸው ነው መጨረሻ ላይ ያቆየኋቸው። ግሎባል ብለሻል፣ አንድ ጨምረሻል፣ ስህተት የሚል መልእክትም አልመጣም። በአራተኛው ንባብ ፊደል ፊደሉን አየሁ። ግሎባል ያልሽበት «ስህተት» በሃሌታው ህ የተጻፈ ነው፤ ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያለው «ስሕተት» ደግሞ በሐመሩ ሕ። ለእኔና ለአንቺ ሞክሼ ፊደሎች ናቸው፣ ድምፃቸው አንድ ነው። ለፓይተን ግን ሁለት ባዕድ ፊደሎች ናቸው። በስተቀኝ የግሎባሉን ዜሮ አነበበ፣ አንድ ጨመረበት፣ ውጤቱን ስሕተት በሚባል አዲስ ሎካል ላይ ለጠፈው፣ ፈንክሽኑ ሲያልቅ ከመዝገቡ ጋር ቀደደው። በሚነበብ ስም ላይ ብትሳሳቺ ኖሮ ይህን ስም አላውቀውም ብሎ ይጮህ ነበር። ዋጋ በሚሰጠው ስም ላይ ስለተሳሳትሽ ግን ዝም ብሎ አዲስ ፈጠረልሽ።

ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። እኔ ራሴ «ሰዓት» እና «ሰአት» ብዬ በአንድ ፋይል ውስጥ ጽፌ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አጥቼበታለሁ። የኤዲተሩን መፈለጊያ ክፈቺና ሕን ፈልጊ፤ ከስንት ቦታ እንደሚወጣ እይ። ሁሉንም ወደ አንዱ ካመጣሽ በኋላ አስኪጂው፣ ቆጣሪው ይንቀሳቀሳል። መንቀሳቀሱን ካየሽ በኋላ ያንንም ግሎባል አውጪውና ስህተትን እንደ ነጥብ በዙር ውስጥ አስገቢው።